አበባ የማይገባበት የአበባ ማስቀመጫ

«ይህ የንጉሥ ስጦታ ነው» አለች ምሥራች፣ ማይኩን በአንድ እጇ፣ የነጠላዋን ጫፍ በሌላው ይዛ።

አዳራሹ «አሜን!» አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እልልታቸውን ለቀቁት። ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠው ዮናታንም ምስክርነት ሲሆን እንደሚያደርገው ከሥር በቀስታ ያጅባት ጀመር። ምስኪን ምሥራች! እሷ የምታወራው የምር ስለ አንድ ንጉሥ ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በፊት በጀርመን አገር ዘውድ ጭኖ ስለኖረ፣ ሚስቱ ስለሞተችበት ሥጋ ለባሽ ሰው። ጉባኤው ግን ንጉሥ ሲባል የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። ላርማቸው ብላ አፏን ብትከፍት ሃሌሉያው ዋጣት። እሷም ተወችው።

በሁለተኛው ረድፍ፣ ከዳር የተቀመጠችው ሸዋወርቅ ብቻ አላጨበጨበችም። ዓይኗ መድረኩ ላይ ካለው ጠረጴዛ አልተነቀለም። እዚያ ላይ ክንድ የሚያህል የአበባ ማስቀመጫ ቆሟል። ገላው ጥቁር ሰማያዊ፣ ጆሮዎቹ ወርቅ ቅብ፣ ሆዱ ላይ ደግሞ በወርቅ ክብ መሀል ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ተሥላበታለች። አንገቷ ላይ ሉል አለ፤ የምታየው ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ጎን ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ዕቃውን ሲያይ ገና መጀመሪያው ነው። ሸዋወርቅ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየሐሙሱ፣ አቧራውን በእጇ ስታራግፍለት ኖራለች። ያንን ዕቃ በምሥራች እጅ ስታየው እርር ድብን አለች።

በጸሎት ኅብረቷ ቋንቋ «ሸክም ሆኖብኛል» ትለው ነበር። ሸክም አልነበረም። ቅናት ነው፤ ጥርት ያለ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ቅናት።

ሸዋወርቅ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከገባች ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። የሆቴል አንሶላ አጥባለች፤ የኤርፖርት ወለል ወልውላለች፤ ባሏ ካረፈ በኋላ ልጇን ኖኅን ብቻዋን አሳድጋ ለዲግሪ አብቅታለች። አሁን ማርቲንዴል ሰፈር፣ ኖኅ በገዛው ቤት አብራው ትኖራለች። ቤተ ክርስቲያኑ ከጎማ ጠጋኙ ጎን ያለውን መጋዘን ተከራይቶ አዳራሽ ያደረገ ጊዜ አገልግሎት ሲከፋፈል፣ «የአንቺስ ጸጋ ምንድን ነው?» ተብላ ተጠየቀች። ድምፅ የላትም፤ ማስተማር ያስፈራታል። «አበባ» አለች። እነሆ አሥራ አራት ዓመት መድረኩ ላይ አበባ የምታቆመው እሷ ናት። አንድ ሰው አንዲት የአበባ ዘንግ ቢያንቀሳቅስባት እሁድ ጠዋት ገና ከበሩ ታውቃለች፤ ማን እንዳንቀሳቀሰም ሳታጣራ አትውልም።

ከአበባው ሌላ የእኔ የምትለው ነገር ቢኖር ሚስስ ክላራን ነበር።

ሚስስ ክላራ ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ጀርመናዊት አሮጊት ነበረች። ሸዋወርቅ ዘጠኝ ዓመት አጥባታለች፣ አብልታታለች፣ ከአልጋ ወደ ወንበር አውርዳታለች። «ሸዋወርቅ» የሚለው ስም ለምላሷ ቢከብዳት ትርጉሙን ጠየቀቻት፤ ወርቅ ማለት ጎልድ እንደሆነ ስትሰማ፣ «በቃ፣ አንቺ ጎልድ ነሽ» አለቻት። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሸዋወርቅ የሚባል ሰው አልነበረም። ጎልድ መጣች፣ ጎልድ ሻይ አፈላች ነው።

ሐሙስ የዚያ ዕቃ ቀን ነው። ሚስስ ክላራ ከወንበሯ ሆና ታዝዛለች፣ ሸዋወርቅ በለስላሳ የመኳኳያ ብሩሽ ታራግፋለች። ታሪኩን የሰማችው ያኔ ነው። ንግሥቲቱ ታማ በተኛች ጊዜ አንዲት አስታማሚ እስከ ዕለተ ሞቷ ከአጠገቧ አልተለየችም። ንጉሡ የሚስቱን መልክ በዕቃው ላይ አሥሎ፣ መታሰቢያ ይሁንሽ ብሎ ለዚያች አስታማሚ ሰጣት። በጀርባው በወርቅ ፊደል አጻፈበት፦ «እስከ መጨረሻው አብራት ለቆየችው»። አስታማሚዋ የሚስስ ክላራ የአያቷ አያት ናት።

«በእኛ ቤት ይህን ዕቃ የሚወርሰው የበኩር ልጅ አይደለም» ብላት ነበር አሮጊቷ። «ሰው ሲሞት ከአልጋው አጠገብ ያለ ነው የሚወስደው።» ይህን ስትል ዓይኗ ሸዋወርቅ ላይ ነበር። ሸዋወርቅም ያንን ዓይን ቆጥራ አስቀመጠችው።

ሌላም ነገር ነግራታለች። ዕቃው አንድ ወጥ አይደለም፤ እግሩና ሆዱ ለየብቻ ተሠርተው በብሎን የተያያዙ ናቸው፤ መሀሉ በጀሶ ተደፍኗል። ለዓይን እንጂ ለውሃ አልተሠራም። «ጎልድ፣ ውሃ አንዲት ጠብታ እንዳታስነኪው። ከተሠራ ጀምሮ አበባ አይቶ አያውቅም» አለቻት። ሸዋወርቅ ሳቀች። በአማርኛ የዚህ ዕቃ ስሙ ራሱ የአበባ ማስቀመጫ መሆኑን ማስረዳት አቃታት።

ከዚያ ጉልበቷ ከዳት። ኦፕሬሽን ሲወሰን ሥራውን ለማን ልስጥ ብላ አሰበች፤ ለምሥራች ሰጠቻት። ምሥራች ከአዲስ አበባ ብቻዋን የመጣች ጊዜ ኤርፖርት ካፖርት ይዛ የተቀበለቻት ሸዋወርቅ ናት። ቤዝመንቷ ውስጥ አራት ወር አስቀምጣታለች፤ በበረዶ ላይ ሳይወድቁ መራመድ እንኳ አስተምራታለች። «ለሦስት ወር ብቻ ያዢልኝ» አለቻት፣ ሕፃን እንደሚያስይዝ ሰው። ሦስት ወሩ ስድስት ሆነ። ጉልበቷ ያንን ቤት ደረጃ መውጣት እምቢ አላት፤ ስድስቱ ሁለት ዓመት ሆነ። ማንም አላጠፋም። ጥፋተኛ የሌለበት ነገር ደግሞ ለቅናተኛ አይመችምና፣ ሸዋወርቅ ጥፋተኛዋን ምሥራችን አደረገቻት።

ቀድሞ የበቀለን ጆሮ በኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ይሏል ይኼ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ምሥራች ስትደውል፣ «ሚስስ ክላራ ዛሬ በደንብ በላች» ስትላት፣ ሸዋወርቅ ደስ ሊላት ሲገባ አንጀቷ ቅጥል ይላል። ከእኔ እጅ ያልበላችውን ማለቷ ነው? ቀስ በቀስ ስልክ ማንሳት ተወች። ታራዴል ያለው የምሥራች ቤት ከማርቲንዴል የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሁለት ዓመት አልረገጠችውም። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፤ የሸዋወርቅ ጉንጭ ግን አየሩን ነው የሚስመው።

ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ ጉልበቷ ላይ በረዶ አድርጋ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ጮኸ። የምሥራች ስም ነው። ገልብጣ አስቀመጠችው። ደግሞ ጮኸ። በሦስተኛው ኖኅ ከላይ ፎቅ ሆኖ፣ «ማም! ፎንሽ ሪንግ እያደረገ ነው፣ ላይክ፣ ለምን ፒክ አታደርጊም?» ብሎ ጮኸባት። «አንሶላው የት ነው ልትለኝ ነው» አለችና ስልኩን ከትራሱ ሥር ከተተችው። ማታ ሚስስ ክላራ ማረፏን በቴክስት አነበበች። ያንን ሌሊት አለቀሰች፤ ስለ ሦስቱ ጥሪዎች ግን ለማንም አልተናገረች።

እንግዲህ ያ ዕቃ ነው መድረክ ላይ የቆመው።

በመጀመሪያ በሃይማኖት መጣችበት። ጋሼ አባይነህ ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው። ሰኞ ደወለችላቸውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ መቼም እኔ ምን አውቃለሁ፤ ግን መድረክ ላይ ሥዕል ማቆም ጀመርን እንዴ? ዙሪያዋ ደግሞ ወርቅ ክብ አላት፤ የሚያይ ሰው ምን ይላል?» አለቻቸው።

ጋሼ አባይነህ ነገር በሦስት ቀን እንጂ በአንድ ቀን አይወስኑም። ሐሙስ ደወሉ። «ሸዋዬ፣ ጉዳዩን ተነጋገርንበት። ቅድስት አይደለችም፣ ንግሥት ናት። የሚሰግድላትም የለም። ግን አንቺ እንዳልሽው ደካማ ወንድም እንዳይሰናከል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ እናዙራት» አሏት።

ንግሥቲቱ እንዳጠፋች ተማሪ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች። ይሁንና ዕቃው አልወጣም። ጭራሽ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ጉባኤው ዞሮ አረፈው። ጀርመንኛውን ማንም አያነብም፤ ከሸዋወርቅ በቀር። እሷ ትርጉሙን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ሆና «እስከ መጨረሻው አብራት ለቆየችው» የሚለውን ስታይ ልትኖር ነው። ጉድጓዱን ቆፍራ ራሷ ገባችበት።

ዓርብ ዕለት ምሥራች አገኘቻትና፣ «እትዬ፣ እስቲ ነገ የርስዎ አበባ ይግባበት። ባዶውን አያምርም፤ የአበባ ማስቀመጫ አይደል!» አለቻት።

ፈረንጅ ለዚህ ዕቃ ያወጣለት ስም ምን እንደሚጨመርበት አይልም። የእኛ ቋንቋ ግን ገና ሲጠራው አበባ ጨምሩበት ብሎ ያዝዛል። ሸዋወርቅ «እሺ» አለች። አንዲት ቃል ብትጨምር ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹን በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። ነጭ ሊሊና ቢጫ ጽጌረዳ ይዛለች። ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ ባዶ የእርጎ ጣሳ አለ። እንዲህ ላለ ዕቃ መላው ይታወቃል፦ ጣሳውን ከውስጥ ታስቀምጪና ውሃውን በጣሳው ታደርጊያለሽ፤ ዕቃውን ጠብታ አይነካውም። ጣሳውን ከቤት ስታወጣ በጎ አሳብ ነበራት፤ ይህን አንካድባት።

ግን ጠጋ ብላ አየችው። አቧራ! በጆሮዎቹ እጥፋት፣ በወርቅ ቅጠሎቹ ሥር፣ የሁለት ዓመት አቧራ ተጋግሯል። ደሟ ፈላ። ወረሰችው፣ መድረክ ላይ ወጥታ መሰከረችበት፣ አንድ ቀን እንኳ ግን አላራገፈችውም! የሚስስ ክላራ ዓይን እያየ ነው እንዲህ ያስቀመጠችው? በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርገው ጀመረችና ተወችው።

የእርጎ ጣሳውን ከቦርሳዋ አወጣችው። ያዘችው። ጎማ ጠጋኙ ጋ ማሽን ይጮኻል። «ትጠይቀኝ ነበር» አለች ለብቻዋ። «ውሃ ይገባበታል ወይ ብላ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» ጣሳውን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ሁለት ሊትር ውሃ በቀጥታ ገለበጠችበትና ሊሊዎቹን ደረደረች። በአሥራ አራት ዓመት እንደዚያ አምሮላት አያውቅም።

እሁድ፣ ሦስተኛው መዝሙር ላይ የጠረጴዛው ልብስ በግድግዳው በኩል መርጠብ ጀመረ። ያየው የለም፤ ከሸዋወርቅ በቀር። ዓይኗን ጨፍና እጇን እንዳነሳች በሽፋሽፍቷ መሀል ታያለች። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ነበር፤ ቀጥሎ ሟሙቶ የወረደ ጀሶ፣ ቀጭን ወተት የመሰለ። ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ፣ ወደ ገመዱ ሄደ፤ ድንገት የዮናታን ኪቦርድ መሀል መዝሙር ላይ ድርግም አለ። ጉባኤው ያለ ሙዚቃ ቀጠለ። ሸዋወርቅ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ድምፅ አልወጣትም።

አገልግሎቱ እንዳለቀ ጋሼ አባይነህ አበባውን አውጥተው ውሃውን ደፉና ዕቃውን በሁለት ጆሮው ይዘው አነሱት። ሆዱ ከእጃቸው ጋር መጣ። እግሩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። የዛገው ብሎን ከመሀል ተበጥሶ፣ ጫፉ እንደ ጥርስ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ከእግሩ ከንፈር ላይ ጥፍር የምታክል ወርቅ ተሰብራ ወድቃለች።

ምሥራች ሮጣ መጥታ እግሩን አቀፈችው። ማልቀስ ጀመረች። የሸዋወርቅ የመጀመሪያ ስሜቷ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ደስታ ነው። አንድ አፍታ ብቻ፣ ግን ደስታ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ምሥራች። «አይ ሹድ ሃቭ አስክድ፤ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ምን አውቄ! ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አስነክታኝ አታውቅም።»

«ማን?» አለች ሸዋወርቅ።

«ሚስስ ክላራ ናታ! ላራግፈው ስል፣ ኖ፣ ኖ፣ ይሄን ጎልድ ብቻ ናት የምትነካው፣ ትላለች። ሐሙስ ሐሙስ ብሩሹን ከመሳቢያ አውጥታ ታሳየኝና፣ ዛሬ የጎልድ ቀን ነው ብላ መልሳ ትከተዋለች። ስለዚህ ካረፈችም በኋላ ለርስዎ ብዬ አልነካሁትም። ቤቴ ባስቀምጠው እንደማይመጡ አውቃለሁ፤ እዚህ ካለ ግን አበባ ሲያቆሙ ያገኙታል ብዬ ነው ያመጣሁት።»

ሸዋወርቅ ያ አቧራ ትዝ አላት።

«ያን ቀንስ?» አለች። «ረቡዕ?»

«ረቡዕ ከሰዓት ብሪዚንጓ፣ አተነፋፈሷ፣ ተለወጠ። ጎልድን ጥሪልኝ አለች። ሦስቴ ኮል አደረግኩልዎት፣ እትዬ። መቼም ሺፍት ላይ ነበሩ።» ምሥራች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ትጠብቅዎት ነበር። ካልመጣችማ፣ አለች በመጨረሻ፣ እንግዲህ ከአልጋዬ አጠገብ ያለሽው አንቺ ነሽ። እንዲህ ሆኖ ነው ለኔ የሆነው።»

ሺፍት ላይ አልነበረችም። ሶፋ ላይ ነበረች። ከሚስስ ክላራ ቤት አሥራ አምስት ደቂቃ በማይፈጅ መንገድ ላይ፣ ልጇ መኪናውን ደጅ አቁሞ፣ ስልኳን ትራስ ሥር ደብቃ። ያ ዕቃ፣ ያ ዓይን፣ ያ የመጨረሻ ሰዓት ሁሉ የእሷ ነበር። ማንም አልወሰደባትም። በገዛ እጇ ገልብጣ አስቀመጠችው።

ጋሼ አባይነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ውሃ እንደማይችል ማን ሊያውቅ ይችላል፤ እህቶቼ፣ ራሳችሁን አትውቀሱ» አሉ።

መውጫ በሩ ተከፍቶላት ነበር። አንድ «እውነት ነው» ብትል ያልቅ ነበር።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች ሸዋወርቅ። «ነግራኛለች። ጣሳም ይዤ ነበር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሺፍት ላይም አልነበርኩም፣ ምሥራች። ስምሽን አይቼ ነው ያላነሳሁት። ቀንቼብሽ ነው።»

ጋሼ አባይነህ የዕቃውን ሆድ እንደታቀፉ ወለሉን ያዩ ጀመር። ምሥራች ሸዋወርቅን ረጅም ጊዜ አየቻት። ነጠላዋን አውልቃ ሆዱንም እግሩንም ጠቀለለችና፣ የወደቀችውን የወርቅ ስባሪ ከወለሉ ለቅማ ወጣች። ቻው እንኳ አላለችም። ሸዋወርቅ የረጠበውን የጠረጴዛ ልብስ ጠምዝዛ አሰጣች፤ ወለሉን በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ሐኪም የከለከላትን፣ ወለወለች።

ሰኞ ስልክ አልጮኸም። ማክሰኞም ረቡዕም። ስልኳን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ ይዛው ትገባ ነበር። ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ የምሥራች ስም ወጣ። ጥሪው ሳይጨርስ አነሳችው።

«እትዬ» አለች ምሥራች። ድምፅዋ ገና ደረቅ ነው። «ዛሬ ሐሙስ ነው። ብሩሹ እኔ ጋ ነው።»

ኖኅ ታራዴል አደረሳት። ዕቃው ሳሎን መደርደሪያ ላይ፣ ሆዱ እንደ ቀለበት በተጠቀለለ ፎጣ ውስጥ ተቀምጦ፣ እግሩ ከጎኑ ቆሞ ነበር። ንግሥቲቱ ፊቷን ወደ ሰው አዙራለች። ሸዋወርቅ ብሩሹን ተቀበለች፤ እጀታው ላይ የአውራ ጣቷ ምልክት እንዳለ ነው። ማራገፍ ጀመረች። ከላይ ወደ ታች፣ ከአንገቱ ወደ ሆዱ፣ ሳይጫኑ፣ ትንፋሽ ይዞ።

ምሥራች ጠጋ አለች። «ያሳዩኝ፣ እኔም ልልመድ» አለቻት።

ዕቃው የምሥራች ነው፤ መልመዷ ተገቢ ነው። ሸዋወርቅ ብሩሹን ሰጥታ አሳየቻት። የአንገቱን፣ የሉሉን፣ የወርቁን ክብ፣ የጽሑፉን፣ የቀኝ ጆሮውን አንድ በአንድ አሳየቻት። በግራ ጆሮው እጥፋት ውስጥ ግን፣ ከወርቁ ቅጠል ጀርባ፣ ለማያውቅ ሰው የማትታይ አቧራ የምትደበቅባት አንዲት ስርጉድ ቦታ አለች። ያቺን አላሳየቻትም። በሚቀጥለው ሐሙስ ራሷ ትመጣላታለች።